ዜማ፦ ሕዝብ

አየር ጤና፣ ኮልፌ
የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም

ለጋሽ ጥሩነህ፣

እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎ፣ ዓይንዎ፣ ስልክ ላይ «ሃሎ ሃሎ» ብቻ የሚያሰኝዎ ጆሮዎ እንዴት ነው? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ደብዳቤዎን ደሜ ከአውቶቡሱ ሲወርድ በእጄ ሰጠኝ። የፖስታው ጥግ ተልጦ ነበር። ከጂማ እስከዚህ እየነዳ ያነበበው ይመስለኛል፤ እሱ ግን በልጆቹ ማለ። ለማንኛውም በዚህኛው ላይ ፕላስተር ለጥፌበታለሁ። ተነካክቶ ከደረሰዎ ይንገሩኝ።

ወደ ጥያቄዎችዎ ልመለስ። አባቴ ደህና ነው። «ከሊፋ ጊታር ሲሰማ አሁንም ፊቱን ያዞራል ወይ?» ላሉኝ፣ ያዞራል፤ ግን ከበፊቱ ቀስ ብሎ ነው። ስምንት ዓመት የኖሩባት ክፍል እስካሁን አልተከራየችም። እናቴ ሽንኩርት ታስቀምጥባታለች። እኔ አንዳንዴ ገብቼ እቀመጣለሁ። ያኔ በአሥራ አራት ዓመቴ ግድግዳውን አንኳኩቼ «ያ ምንድን ነው የሚጫወቱት?» ብዬ የጠየቅኩዎ በዚያው በኩል ነው።

አልበሙ አልቋል ማለት ይቻላል። ዘጠኝ ዘፈን ነው። እርስዎ ያስተማሩኝን የጥቁር አሜሪካውያን የድሮ ብሉዞች በአማርኛ ግጥም ሠርቻቸዋለሁ። ሦስቱን ጣቴ ላይ ባጠለቅኩት የጠርሙስ አንገት ክሩን እያንሸራተትኩ ነው የተጫወትኩት። ሁለተኛውን ወደ ባቲ ቅኝት ጠምዝዤዋለሁ፤ ሲሰሙ ይቆጡኛል ወይ ይስቃሉ። ያቀናበረው ፈሀድ ነው፤ የቤቴሉ ልጅ፣ ስቱዲዮ ያለው። ሽፋኑ ከፋሲካ በኋላ ማተሚያ ቤት ይገባል። ሽፋኑ ላይ ለእያንዳንዱ ዘፈን «ግጥም፣ ዜማ» ተብሎ ስም መጻፍ አለበት። የድሮዎቹን ባለቤት ስለሌላቸው «ዜማ፦ ሕዝብ» አልናቸው። ከመጻፋችን በፊት ግን የእያንዳንዱን ምንጭ ኢንተርኔት ላይ ፈልጌያለሁ። ያውቁኛል፣ ዝም ብዬ አላምንም። ሁሉንም አገኘኋቸው፤ ሰባተኛውን ግን የትም አጣሁት። «አልመሸም ገና» ብዬ ግጥም የሠራሁለትን፣ እርስዎ በማንጎራጎር ብቻ ያስተማሩኝን ማለቴ ነው።

ይኸውልዎ፣ ባለፈው ቅዳሜ ቤቴል አንድ ካፌ ውስጥ እሱን ስጫወት፣ ነጭ ጋውን የለበሰች ነርስ ከወንበሯ ተነሳች። ዘፈኑ እስኪያልቅ ቆማ ጠበቀችኝ። «ይህ የአባቴ ዜማ ነው። ከየት አገኘሽው?» አለችኝ። ራዕይ ክብሮም ትባላለች። አባቷ ከሞቱ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። ጠይቄ እነግርሻለሁ ብያታለሁ። ክብሮም የሚባል ሰው ያውቃሉ?

ልጅዎ አልፊያ

•

ጂማ
የካቲት 12 ቀን 2017 ዓ.ም

ለአልፊያ ልጄ፣

ፕላስተርሽ እንደታሸገ ደርሷል። ደሜን አታስቀይሚው፤ እንኳን የሰው ደብዳቤ የመንገድ ምልክትም አያነብም። ጽሑፌ ከተጣመመብሽ ይቅርታ አድርጊልኝ፤ ጣቴ ብርድ አይወድም። እኔ ደህና ነኝ። እህቴም ደህና ናት፤ በነገር ትወጋኛለች እንጂ።

እንኳን ለዚህ አበቃሽ። ዘጠኝ ዘፈን! ባቲውን አልቆጣም። የጠርሙሱን አንገት ግን ምን ዓይነት ጠርሙስ እንደሆነ አልጻፍሽልኝም። ወፍራም ጠርሙስ ከሆነ ድምፁ ይታፈናል፤ ቀጭን ከሆነ ደግሞ ይጮህብሻል። አቆራረጡም ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። በቤንዚን የተነከረ ክር አንገቱ ላይ ታስሪና እሳት ትለኩሺበታለሽ፤ ወዲያው ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ትነክሪዋለሽ። ከዚያ ጠርዙን ድንጋይ ላይ በደንብ ሞርጂው፤ ጣትሽን እንዳይቆርጥሽ።

ሰባተኛው እንደ ሌሎቹ የድሮ ብሉዝ ነው። ከሸክላ ላይ የሰማሁት ነው። ኢንተርኔት ሁሉን አያውቅም። ባለቤት የለውም፤ «ሕዝብ» ብለሽ ጻፊው። ክብሮም ላልሽው፣ ብዙ ክብሮም አውቃለሁ። ዜማ ከዜማ ይመሳሰላል፤ ልጅቷ ተምታቶባት ይሆናል።

ጥሩነህ

•

አየር ጤና
የካቲት 20 ቀን 2017 ዓ.ም

ለጋሽ ጥሩነህ፣

ደህና ነዎት? ረመዳን ሊገባ ሁለት ቀን ቀርቶታል፤ ቤቱ ሩጫ ላይ ነው። እኔ ደግሞ ደብዳቤዎን አራት ጊዜ አነበብኩት።

ስለ ጠርሙስ አንገት ሙሉ አንቀጽ ጽፈውልኛል። ጠርሙስ አቆራረጥ ያስተማሩኝ እኮ እርስዎ ራስዎ ነዎት፤ የመጀመሪያውን አብረን ነው የቆረጥነው። የማውቀውን ነገር እንደ አዲስ የሚነግሩኝ መቼ እንደሆነ ልንገርዎ? ሌላ ነገር እንዳልጠይቅዎ ሲፈልጉ ነው። ወደ ጂማ ሊሄዱ ሰሞንም እንዲሁ ስለ ክር አወጣጠር ሁለት ቀን ሙሉ አወሩልኝ። በሦስተኛው ቀን ሻንጣዎን በር ላይ አገኘሁት።

የትኛው ሸክላ ነው? ሸክላዎችዎን አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ፤ አቧራቸውን የምጠርገው እኔ ነበርኩ። እዚያ ውስጥ የለም።

«ብዙ ክብሮም አውቃለሁ» ብለዋል። አባቴን ጠየቅኩት። ክብሮም የሚባል፣ ኮቱን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ ሰው፣ አንድ ሰሞን ከቤቴል እየመጣ በራችን ላይ ከእርስዎ ጋር ያወራ ነበር አለኝ። «ግባ ሲሉት የማይገባ ሰው ነበር» አለ። አባቴ ሙዚቃ አይወድም እንጂ ሰው አይረሳም።

ጋሼ፣ በግልጽ ልጠይቅዎ። ዜማውን ከዚህ ሰው ወስደውት ነው? ስሜን የምጽፍበት የመጀመሪያ ሥራዬ ነው። የሰው ነገር ይዤ መውጣት አልፈልግም።

አልፊያ

•

ጂማ
የካቲት 29 ቀን 2017 ዓ.ም

አልፊያ፣

ጾሙን ያቅልልሽ።

ከልጅነትሽ ጀምሮ ጠርጣራ ነሽ። ጊታሩን ቃኝቼ ስሰጥሽ እንኳ እንደገና ትቃኚው ነበር። ያኔ ደስ ይለኝ ነበር፤ ዛሬ ግን ከፍቶኛል።

ሸክላ ያልኩሽ ተሳስቼ ነው። ድሮ ከጓደኛ ጋር ስንጫወት የመጣ ነገር ነው። ማን ጀመረው፣ ማን ጨረሰው፣ ማን ያውቃል? የሙዚቀኛ ቤት እንዲህ ነው። ልጅቷ ጋ አትሂጂ። ካልተመቸሽ ዘፈኑን ከአልበሙ አውጪው፤ ስምንት ዘፈንም አልበም ነው።

ጥሩነህ

•

አየር ጤና
መጋቢት 9 ቀን 2017 ዓ.ም

ለጋሽ ጥሩነህ፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ። አትሂጂ ስላሉኝ ሄድኩ።

ራዕይ የምትሠራው ቤቴል አንድ ክሊኒክ ውስጥ ነው። ተረኛ ስላልነበረች ግቢው ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን አወራን። ጾመኛ መሆኔን ስታውቅ የያዘችውን ሻይ ደበቀችው፤ እኔ ነኝ ጠጪ ብዬ የለመንኳት። ቤታቸው ጴንጤ ነው። አባቷ ጌታን ከተቀበሉ በኋላ ዓለማዊ ዘፈን እቤት ውስጥ አይከፈትም ነበር፤ ካሴቶቻቸውን ጓሮ አውጥተው እንዳቃጠሉ እናቷ ነግራታለች። ያቺን ዜማ ግን ራዕይ ሲያማት በሹክሹክታ ያንጎራጉሩላት ነበር። የስምንት ዓመት ልጅ ሆና «የማን መዝሙር ነው?» ብላ ጠየቀቻቸው። «መዝሙር አይደለም፤ ለአንቺ የሠራሁት ነው፤ ለማንም አትንገሪ» አሏት። ለማንም ሳትናገር ሃያ ስድስት ዓመት ኖራለች። እኔ ደግሞ ማኪያቶ በሚጠጣ ሰው መሀል ስዘፍነው ሰማች።

ታዲያ ምን ልበላት? መጀመሪያ ከሸክላ ነው አሉኝ። ከዚያ ከጓደኛ ጋር ሆነ። ሦስተኛውን መቼ ነው የሚልኩልኝ? ከሞተ ሰው ሰርቀው ለእኔ ሰጥተውኛል፤ እኔም ሳላውቅ የሌባ ተቀባይ ሆኛለሁ። ተናድጃለሁ፤ ጾም ነው እንዳይሉኝ። አሁን የቀሩትን ስምንቱንም መጠርጠር ጀምሬያለሁ። አውራ ጣቴን እንዴት እንደማስቀምጥ ያስተማሩኝ እንኳ ከማን ወስደው እንደሆነ አላውቅም።

ሽፋኑ ላይ «ለመምህሬ ለጥሩነህ» የሚል መስመር አለ። ፈሀድ እንዳያትመው ነግሬዋለሁ። እውነቱን እስኪጽፉልኝ ድረስ አይታተምም።

አልፊያ

•

ጂማ
መጋቢት 17 ቀን 2017 ዓ.ም

አልፊያ፣

ዜማው የክብሮም ነው። እኔ ነኝ የወሰድኩት። ስሙን ጻፊለት፤ ለልጁም ንገሪያት። ከሽፋኑ ላይ እኔን ማውጣትሽ ልክ ነው።

ጥሩነህ

•

አየር ጤና
መጋቢት 25 ቀን 2017 ዓ.ም

ለጋሽ ጥሩነህ፣

ከየት እንደምጀምር አላውቅም። ዒዱ በሰላም አለፈ። እርስዎ ደህና ነዎት? እህትዎስ? እነዚህን የምጠይቀው ወደ ዋናው ነገር መግባት ስለፈራሁ ነው።

ሦስት መስመር ጽፈው አመኑልኝ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን አንድ ነገር አልጥም አለኝ፤ ከዚያ በፊት ስለ ጠርሙስ ገጽ የሚሞሉ ሰው፣ ሌብነትዎን ሲያምኑ ቃል አጠረዎ? ቢሆንም «ዜማ፦ ክብሮም» ብዬ ጻፍኩና ለራዕይ አሳየኋት። ጣቷን ስሙ ላይ አድርጋ ቆየች። ከዚያ ለማመስገን ብላ አንድ ካሴት አመጣችልኝ። አባቷ ካቃጠሏቸው ውስጥ የተረፈ ብቸኛው ካሴት ነው፤ ከሞቱ በኋላ ከመጽሐፍ ቅዱሳቸው ጀርባ ተገኘ። ውስጡ ተቆላልፎ ስለነበር ተሰምቶ አያውቅም። «የሱ ጨዋታ ይሆናል፤ ካስጠገንሽው ለፋሲካ እሰማዋለሁ» አለችኝ።

አየር ጤና ሬዲዮ የሚጠግነውን ወዬሳን ያውቁታል። ፈታትቶ፣ የካሴቱን ክር ወደ ሌላ ቀፎ አዛውሮ ሰጠኝ። ፈሀድ ስቱዲዮ ቅጂ እያስቀረን ሰማነው። ሕፃን ታለቅሳለች። ከዚያ የአንድ ሰው ድምፅ፦ «ጥሩነህ፣ እባክህ ያቺን ያንተን ዜማ ተጫወትላት፤ ያለ እሷ አትተኛም» ይላል። ከዚያ እርስዎ ነዎት። ወጣት ነዎት፤ ግን እርስዎ ነዎት። ሰባተኛው ዘፈን፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው።

ያንተን ዜማ ብሏል።

ሌባ ብዬዎታለሁ፤ አፌን ይቁረጠው። ደብዳቤዬን አሁን ባገኘው እቀደው ነበር። ግን ለምን? ስጠረጥርዎ ለምን ዝም አሉኝ? የራሱን ነገር ሰረቅሁ የሚል ሰው የት አለ?

ራዕይ ካሴቱን ትጠብቃለች። ፈሀድ ያችን የንግግር ቦታ ቆርጦ ማውጣት ቀላል ነው ይላል፤ ማንም አያውቅም፣ እሷም አባቴ ሠራልኝ እንዳለች ትኖራለች። መቀስ በእጄ ይዤ የተቀመጥኩ ያህል ነው የሚሰማኝ። ምን ላድርግ? እባክዎ በደሜ መልስ ይላኩልኝ፤ ቢያነበውም ያንብበው።

ልጅዎ አልፊያ

•

ጂማ
ሚያዝያ 2 ቀን 2017 ዓ.ም

ለአልፊያ ልጄ፣

ይቅርታሽን ተቀብያለሁ፤ ለእኔም ይቅርታ አድርጊልኝ። ሦስት ጊዜ ዋሽቼሻለሁ።

ክብሮምና እኔ አንድ የሆቴል ባንድ ውስጥ ነበርን፤ እሱ አኮርዲዮን፣ እኔ ጊታር። ኮልፌ ከሚስቱ ጋር በተከራያት ቤት አንዷን ክፍል ሰጥቶኝ አብረን ኖረናል። ልጅቷ በ1983 ዓ.ም ተወለደች። እናትየው ቀን ሥራ ስትውል፣ እኛ ማታ የምንሠራው ሁለት ወንዶች ሕፃን ስናባብል እንውል ነበር። ዜማውን ያኔ ነው የሠራሁት። ከሸክላ የለቀምኩትን የብሉዝ አካሄድ ይዤ ለእሷ ብዬ ሠራሁት።

ከጥቂት ዓመት በኋላ ክብሮም ጌታን ተቀበለ፣ እኔ ደግሞ መጠጥ ውስጥ ገባሁ። ተለያየን። እናንተ ግቢ ስኖር ፈልጎ አገኘኝ። በራችሁ ላይ ቆሞ «ልጄን ዋሽቻታለሁ» አለኝ። እስቲ አስቢው፤ ትኩሳት የያዛት ልጅ የማን ነው ብላ ስትጠይቀው፣ የሰካራም ጓደኛዬ ነው ይበላት? «እኔ ነኝ የሠራሁት አልኳት፤ አሁን እውነቱን ብነግራት ሌላውንም የነገርኳትን ሁሉ ትጠራጠራለች፤ አታጋልጠኝ» አለኝ። እየተመላለሰ ለመነኝ፤ በመጨረሻ ምዬለት ተለያየን። ለዚህ ነው ለአንቺም ባለቤት የለውም ብዬ ያስተማርኩሽ። ባለቤት ከሌለው ማንም ውሸታም አይሆንም ብዬ ነበር። አንቺ መፈለግሽን ስትቀጥይ መሸሻ አጣሁና ለእሱ ሰጠሁት። ሌባ ስትዪኝ አመመኝ፤ አልዋሽሽም። ግን ሙት አይከራከርም፤ እኔ እችላለሁ አልኩ።

አሁን የጠየቅሽኝን ልመልስ። አትቁረጪው። እኔ የማልኩለት ስለ ዜማው ነው። የካሴቱ ድምፅ ግን የልጁ የራዕይ ነው፤ ሌላ ድምፁ ደግሞ የላትም። እኔና አንቺ ተመካክረን የአባቷን አፍ የምንዘጋባት ምን ሆነን ነው? ሙሉውን ስጫት። ምን እንደምትለኝ ስለማላውቅ ፈርቻለሁ፤ ቢሆንም ስጫት።

ጥሩነህ

•

አየር ጤና
ሚያዝያ 14 ቀን 2017 ዓ.ም

ለጋሽ ጥሩነህ፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰዎ። ካሴቱን ሙሉውን ሰጠኋት። ዛሬ ጠዋት የአባቴን አሮጌ ቴፕ ይዤ ቤቷ ሄድኩ። አባቴ ሲያየኝ «ምን ልታደርጊበት ነው?» አለኝ። ነገርኩት። አዲስ ባትሪ ከሱቅ አምጥቶ ከተተበት።

ራዕይ ቆማ ነበር የሰማችው። አባቷ ሲናገሩ እጇ አፏ ላይ ሄደ። መለሰችና እንደገና ሰማች፤ ሦስተኛም ደገመችው። ዘፈኑን ሳይሆን ያቺን አንድ ዓረፍተ ነገር ነው የደጋገመችው። ስታለቅስ አላየሁም። ስትቆጣም አላየሁም። ፊቷን እያየሁ ምን እንደምታስብ ለመገመት ሞከርኩ፤ አንዱም አልሆነልኝም። «ዋሽቶኝ ነበር ማለት ነው» አለች። ከዚያ የእርስዎን አድራሻ ጠየቀችኝ፤ በደሜ በኩል እንደምንጻጻፍ ነገርኳት። ወደ ጓዳ ገብታ ረጅም ሰዓት ቆየች። ስትወጣ የታሸገ ፖስታ ሰጠችኝ።

እዚህ ውስጥ አለልዎ። አልከፈትኩትም። እኔ አልፊያ፣ ወደ ብርሃን አንስቼ እንኳ አላየሁትም፤ ይህን ማመን ከከበደዎ አልፈርድብዎትም። ምን ብላ እንደጻፈችልዎ ግን ሳላውቅ እንቅልፍ የሚወስደኝ አይመስለኝም። ከከፋብዎ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ነገሩን የጎረጎርኩት እኔ ነኝ።

ፈሀድ ማተሚያ ቤቱን በግድ አቁሞልኛል። ከሰባተኛው ዘፈን ፊት ለፊት ዜማ የሚለው ቦታ ባዶውን ነው።

ልጅዎ አልፊያ

•

ጂማ
ሚያዝያ 22 ቀን 2017 ዓ.ም

ለአልፊያ ልጄ፣

ፖስታው አራት ቀን ትራሴ ሥር ከረመ። እህቴ «ወይ ክፈተው ወይ ጣለው፤ እንደ እንቁላል ታቅፈኸው አትዋል» ብላ ስትጮህብኝ ከፈትኩት።

አንድ ገጽ ነው። አልተሳደበችም። «ዜማው የማን እንደሆነ ሰምቻለሁ፤ እሱን አልጠይቅዎትም። አባቴ የዋሸኝ አንድ ይህንን ብቻ ይሁን ሌላም፣ እሱንም አልጠይቅዎትም። አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ፤ እርስዎ ሲጫወቱልኝ አባቴ የት ነበር?» ትላለች።

ልጄ፣ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። እኔም ራሴን ጠይቄ አላውቅም። መልሱን ልጽፍላት ተቀመጥኩ፤ ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለኝ። «ክብሮም አንቺን ትከሻው ላይ አድርጎ ይመላለስ ነበር» አልኳት። «ከግድግዳ እስከ ግድግዳ፣ ቀኑን ሙሉ። ቤቱ የጣውላ ወለል ነበረው፤ እሱ ደግሞ ጫማውን አያወልቅም። ሲራመድ ዱብ፣ ዱብ ይላል። ግድግዳው ጋ ሲደርስ አንቺን እንዳያናውጥ ቀስ ብሎ ይዞራል፤ ያኔ ዱብታው ይዘገያል። እኔ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ አውራ ጣቴን ከእርምጃው ጋር አስኬድ ነበር። እሱ ሲዘገይ እኔም እዘገያለሁ። ቆም ካለ አንቺ ትነቂያለሽ፤ እኔም ያለ እሱ እግር መቀጠል አልችልም ነበር።»

ፈሀድ ቅጂው ላይ ከጊታሩ ሥር ዱብ ዱብ የሚል ነገር ከሰማ ብልሽት መስሎት እንዳያጠፋው ንገሪው። የክብሮም ጫማ ነው።

እኔ እኮ ይህን ሁሉ ዓመት የራሴን ዜማ ለጓደኛዬ ክብር ስል ደብቄ የያዝኩ ደግ ሰው ነኝ ብዬ በልቤ ስኮራ ኖሬያለሁ። አንቺ ሌባ ስትዪኝ እንኳ ከውስጤ ኮርቻለሁ። ለካ ግማሹ የእሱ ነበር። ለልጁም ያን ያህል አልዋሻትም።

ሽፋኑን እንዲያሳትመው ለፈሀድ ንገሪው። ዜማ በሚለው ላይ ሁለታችንንም ጻፊ። እሱን አስቀድሚው።

ጥሩነህ